የላብራቶሪው ቁልፍ

የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን አመራሮች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እናቶችና አባቶች፣ ለዚህ ክፍል ከኪሳችሁ ያዋጣችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ እናንተም ከኋላ ቆማችሁ የምታዳምጡ ልጆቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ሕይወት ያላቸው ነገሮች የተሠሩባቸው ሞለኪውሎችና ጥቅማቸው» የሚል ነው። ሃያ ደቂቃ ተፈቅዶልኛል። ጽፌ የመጣሁት በምክንያት ነው። ይህን ክፍል ታድሶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ውሃ በቧንቧው ሲወርድ ሳይ ልቤ ስለሚሞላ፣ ሳልጽፍ ብቆም መናገሩን እተወው ነበር።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ አለ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን አንድ የሻይ ማንኪያ ቡላ በብዙ ውሃ አፍልታ፣ አቅጥና፣ በፔርሙስ ይዛ መጥታለች። አሁን ቀዳችው። ትኩስ ነው፣ እንፋሎቱ ይታያችኋል። ከፋርማሲ የገዛነውን አዮዲን ጥቂት ጠብታ ጨምሪበት፣ ልጄ። አያችሁ? ምንም የለም። ትንሽ ቢጫ ቢጤ ነው። እዚያው ይቀመጥ፣ ማንም እንዳይነካው። እመለስበታለሁ።

ወደ ርዕሴ ልግባ። አራት ናቸው። ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲን፣ ሊፒድ፣ ኑክሌይክ አሲድ። ሣሩም፣ በሬውም፣ እርሾው ውስጥ ያለው ዓይን የማያየው ፍጥረትም፣ እኔም እናንተም የተሠራነው በዋናነት ከእነዚህ ከአራቱና ከውሃ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ ይህን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። እኔው ነኝ ያስጠናኋችሁ። «ካርቦሃይድሬትስ፣ ፕሮቲንስ፣ ሊፒድስ፣ ኤንድ ኑክሌይክ አሲድስ» እያላችሁ በአንድ ድምፅ ስታወርዱት ግቢው ይሰማ ነበር።

አንድ ቀን ከእናንተው አንዱን አስነሳሁት። ጎበዝ ልጅ ነው። አራቱንም በእንግሊዝኛ፣ ከነትርጉማቸው፣ አንድ ቃል ሳይስት ተናገረ። ክፍሉ አጨበጨበለት። ከዚያ «ዛሬ ጠዋት ምን በልተህ መጣህ?» አልኩት። «ሽሮ በእንጀራ» አለ። «እሺ፣ ሽሮው ከአራቱ የትኛው ነው? እንጀራውስ?» ዝም አለ። ቆየና «ቲቸር፣ ሽሮ እኮ መጽሐፉ ላይ የለም» አለኝ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ምንም አላጠፋም። የነገርኩትን መልሶ ነገረኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ የእኔ ብቻም አልነበረም። ለዚያ ልጅ ሞለኪውል ማለት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ ቃል ነው። በእጁ ነክቶት፣ ቀለሙ ሲለወጥ አይቶት፣ ሲሸት አሽትቶት አያውቅም። እንዴት ይወቅ? ላብራቶሪው ተቆልፎ ነበራ።

ስለ ቁልፉ ልናገር። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው።

እኔ ወደዚህ ግቢ ስመጣ ይህ ክፍል ነበረ። ዛሬ አዲስ የተሠራ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም፤ ግድግዳው ያው ነው። መደርደሪያ ነበረው። ማይክሮስኮፖች ነበሩት፣ ከነላስቲካቸው፣ ሳጥናቸው ውስጥ። የመስታወት ቱቦ በካርቶን በካርቶን ነበረ። በሩ ላይ ግን የእጅ ጭብጥ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። እናንተ በዚያ በር አጠገብ ለአራት ዓመት አልፋችኋል። ስንቶቻችሁ ገብታችሁ አይታችኋል? በመስኮቱ ስንጥቅ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስታዩ ያገኘኋችሁን ግን አስታውሳለሁ። ተራ ይዛችሁ ነበር የምታዩት።

ለምን ተቆለፈ? መልሱን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ላይ የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ እወቅስ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፣ ሲወጣ ደግሞ በሞዴል 22 ይፈረማል። አንድ ቱቦ ቢሰበር የፈረመው ሰው ይጠየቃል፣ ከደመወዙ ይቆረጣል። የእሱን ደመወዝ አውቀዋለሁ። አራት ልጆች ያሳድግበት ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር። አስተማሪውም መፈረም ይፈራል። ሦስት ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲል ሴሚስተሩ ያልቃል። እንዲህ ሆኖ ዕቃው ከልጆቹ ተጠበቀ። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ስኳር የምንለይበት የቤኔዲክት ፈሳሽ ጠርሙሱ ውስጥ ደርቋል። የጠርሙሶቹን ወረቀት አይጥ በልቶታል። የማይክሮስኮፖቹን መስታወት ሻጋታ ይዞታል። አንድም ልጅ ሳይነካቸው ተበላሹ። ልብ በሉ፣ አንድም ልጅ ሳይነካቸው!

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። አዮዲን ከፋርማሲ ገዛሁ፣ ድንች ከጉልት። ድንቹን ቆርጬ አዮዲኑን ጠብ ሳደርግበት ወዲያው ጠቆረ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። ስታርች አለ ማለት ነው። ልጆቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ መጡ። በሚቀጥለው ቀን የቤቱን ሁሉ ይዘው መጡ፤ ዳቦ፣ ነጭ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል። የጠቆረውንና ያልጠቆረውን ለያይተው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ጥቁር ጤፍ ላይ ቀለሙ አይለይም፣ እሱንም ራሳቸው አወቁት። አንድ ጠርሙስ አዮዲን ነው ይህን ሁሉ የሠራው።

አሁን ወደ ቅቤው ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፣ ዛሬ ግን ሙሉውን ልንገራችሁ። ባለታሪኳም እዚሁ ተቀምጣለች፣ ስሟን አልጠራም።

የፋሲካ ሰሞን ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በትንሽ ብልቃጥ ቅቤ ይዛ መጣች። እናቷ ለበዓሉ ከገበያ ገዝተው ሲያነጥሩት ከሥሩ ያልተለመደ ዝቃጭ ቀረ። ሽታውም አላማራቸውም። «ቲቸር፣ ይህን አዮዲን እናድርግበት?» አለች። ቅቤ ስብ ነው፣ ስብ በአዮዲን አይጠቁርም። ከጠቆረ ግን ሌላ ነገር ተጨምሮበታል። ጥያቄው በጣም ደስ አለኝ። ማንም አላስተማራትም፣ ራሷ አስባ ነው የመጣችው።

ከሻይ ቤቱ ቡታጋዝ ለመንን። ቅቤውን ከውሃ ጋር አሞቅነው። ቅቤው ቀልጦ ከላይ ተንሳፈፈ፣ ከሥሩ ደፍራሽ ውሃ ቀረ። ክፍሉ በሙሉ ጠረጴዛውን ከቧል። አዮዲኑን ጠብ አደረገችበት። ምንም የለም። ደግማ ጨመረች። ምንም። ከኋላ ያሉት መሳቅ ጀመሩ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም አዮዲኑ አርጅቶ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ደወል ተደወለ። ሁሉም ወጣ። እሷ ብቻ ብርጭቆውን ይዛ ተቀመጠች። «ውጪና ምሳሽን ብዪ» ብላት እምቢ አለች።

ግማሽ ሰዓት ይሆናል። መምህራን ክፍል ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ በሩ ተበረገደ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ቲቸር! ጠቆረ! ሲቀዘቅዝ ጠቆረ!» አለች። ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። ከላይ የረጋ ቅቤ፣ ከሥሩ እንደ ቀለም የጠቆረ ውሃ። ሁላችንም መምህራኑ ተነሥተን ቆምን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስታርች ማለት ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ብዙ ሞለኪውሉ እንደ ጨሌ ተሰክቶ የሠራው ረጅም ሐብል ነው። አንደኛው ዓይነት ስታርች ሐብሉ እንደ ስፕሪንግ ይጠቀለላል። አዮዲኑ ያ ጥቅልል ውስጥ ሲገባ ነው ሰማያዊውን ቀለም የምናየው። ሲሞቅ ጥቅልሉ ይላላል፣ አዮዲኑም ይወጣል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እኔ ያን ለክፍሉ አስተምሬው አላውቅም ነበር። በማስታወሻዬ ላይ «አዮዲን ሲጨመር ይጠቁራል» ብቻ ነው ያለው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት ምሳዋን ትታ ያሳየችኝ።

በማግስቱ ስድስት እናቶች ቅቤያቸውን ላኩ። ሁለቱ ጠቆሩ። ዱቄት ይሁን ድንች አላወቅንም፣ ስታርች መግባቱን ግን አወቅን። እናቶቹ ቅቤ የሚገዙበትን ቦታ ቀየሩ። ያቺ ልጅ ዛሬ ሥራዋ ምግብ መመርመር ነው። አሁን ንገሩኝ፤ ያ ትምህርት ስንት ብር ፈጀ? የአንድ ጠርሙስ አዮዲን ዋጋ። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሊፒዱ ከላይ፣ ካርቦሃይድሬቱ ከታች ተለያይተው ቆሙ። ከዚያ ክፍል ወጥቶ ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ እስከ ዛሬ አላገኘሁም!

ከካርቦሃይድሬት ሳልወጣ ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም ማዕዳችንን የያዘው እሱ ነው። እናቶቻችን እንጀራ ከመጋገራቸው በፊት አብሲት ይጥላሉ። ከቡኮው ትንሽ ወስደው በፈላ ውሃ ያበስሉትና መልሰው ይቀላቅሉታል። ለምን? ስታርቹ በሙቀት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ሊጡን ይይዘዋል። ጤፍ ግሉተን የለውም። ስንዴን እንደ ላስቲክ የሚያስስበው ፕሮቲን ጤፍ ውስጥ ስለሌለ የበሰለው ስታርች ያግዘዋል። እርሾው ውስጥ ያሉት ደቃቅ ፍጥረታት ደግሞ ስኳሩን እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ያ አየር ምጣዱ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ዓይኑን ይሠራዋል። እንጀራው ዓይን አወጣ የምንለው ይህን ነው። ይህን ሁሉ እናቶቻችን በእጃቸው ያውቁታል። የእኛ ሥራ ስሙን መጨመር ብቻ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር። ጤፉንም ጭዱንም የሠራው ያው ግሉኮስ ነው። ፍሬው ውስጥ በአንድ መንገድ ተያይዞ ስታርች ይሆናል። ጭዱ ውስጥ አያያዙ ይለወጥና ሴሉሎስ ይሆናል። እኛ ስታርቹን የሚቆርጥ ኢንዛይም ከምራቃችን ጀምሮ አለን። ዳቦ ሳትውጡ ረዘም አድርጋችሁ ብታኝኩ እየጣፈጠ የሚሄደው ለዚህ ነው። የሴሉሎሱን አያያዝ የሚፈታ ኢንዛይም ግን የለንም። በሬውም የለውም! ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው የሚፈቱለት። የመያያዣው አቅጣጫ ተለወጠና አንዱ የሰው ቀለብ፣ ሌላው የከብት መኖ ሆነ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ደግሞ፣ ጉበታችሁ ትናንት ከበላችሁት ግሉኮስ ያከማቸው አለ። ግላይኮጅን ይባላል። አንጎላችሁ ከሰውነታችሁ ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከጉልበታችሁ 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ጉበታችሁ ያን ግላይኮጅን እየፈታ ግሉኮስ የሚልክለት ስለዚህ ነው።

ወደ ፕሮቲን ልሂድ። ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የሚሠራ ሐብል ነው። ጡንቻ እሱ ነው፣ ፀጉር እሱ ነው፣ ኢንዛይም እሱ ነው፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም እሱ ነው። ሐብሉ ተጣጥፎ ቅርጽ ሲይዝ ነው ሥራውን የሚሠራው። ቅርጹ ከተበላሸ ሥራው ይቀራል። እንቁላል ስትጠብሱ ውሃ የሚመስለው ነገር የሚነጣውና የሚጠጥረው የፕሮቲኑ አጣጣፍ ስለሚፈታ ነው። አሬራ ሲሞቅ አይብ ከአጓት የሚለየውም በዚሁ ነው፣ አሲዱና ሙቀቱ ተባብረው የወተቱን ፕሮቲን ያረጉታል።

ከ20ዎቹ 9ኙን ሰውነታችን መሥራት አይችልም። በምግብ ማግኘት አለብን። እህሎች በጥቅሉ ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ ላይሲን አላቸው፣ ሜታዮኒን ግን ያንሳቸዋል። ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ያ ልጅ ጠዋት በልቶት የመጣው ይህንን ነው! በባዮሎጂ መጽሐፍ የተጻፈው ሁሉ በሆዱ ነበረ። እኛ ነን ያላሳየነው።

ስለ ላይሲን አንድ ታሪክ አለኝ። ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል፣ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ኢንዲያና፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ውጤት አሳተሙ። ማሽላ ላይሲን የሚያንሰው እህል ነው። እነሱ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መረመሩ። ከዚያ ሁሉ መካከል ላይሲናቸው ጎልቶ የወጣ ሁለት ተገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ናቸው። ከወሎ ገበሬ ማሳ የሄዱ።

የወሎ ገበሬ ይህን ማሽላ ከሌላው ማሽላ ጋር ጥቂት ጥቂት እየቀላቀለ ይዘራዋል። ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ብዙ ምርትም አይሰጥም። ገበሬው ግን አልተወውም። እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል። ለአንዱ ያወጣለትን ስም ታውቃላችሁ? «ወተት በጉንጬ» ይለዋል። ወተት በላይሲን የበለጸገ ነው። ገበሬው ላይሲን የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም። ምላሱ ግን ለየው፣ ስም አወጣለት፣ ለልጅ ልጅ አስተላለፈው። በኋላ ነው ላብራቶሪው ደርሶ የለካው።

እዚያው አክስቴል ዘንድ የተማረ የእኛው ሰው አለ፣ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ። ወሎንኮሚ የተወለደ፣ አለማያ የተማረ ልጅ ነው። በማሽላ ላይ በሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልሟል። አሁን ጥያቄ አለኝ። ማሽላው የእኛ፣ ስሙን ያወጣው የእኛ ገበሬ፣ ተመራማሪውም የእኛ ልጅ። ታዲያ ወሎ ውስጥ ያ ማሽላ በሚበቅልበት ቀበሌ የሚማር ልጅ «ወተት በጉንጬ»ን በባዮሎጂ ክፍል ሰምቶ ያውቃል? እኔ ራሴ ለዓመታት ሳስተምር አላነሣሁትም። የላይሲን ምሳሌ ስጠየቅ ሥጋና እንቁላል እያልኩ አጽፍ ነበር። ሥጋ በዓመት ለበዓል ብቻ ለሚያይ ልጅ!

ሌላም ላስታውሳችሁ፣ ይህ ደስ አይልም። ጓያ። በፎገራና በደንቢያ ድርቅ በመጣ ቁጥር ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ አይከዳም። ሰው እሱን ብቻ ለወራት ሲበላ እግሩ ይያዛል፣ ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን በምርኩዝ ይሄዳሉ። ምክንያቱ ጓያው ውስጥ ያለ አንድ አሚኖ አሲድ ነው። ፕሮቲን አይሠራበትም። ግሉታሜት የሚባለውን፣ ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበትን ሞለኪውል ይመስላል። ነርቩ ይሳሳታል፣ ይጎዳል። በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላትም ይረዳል። ይህን ማወቅ የአንድን ልጅ እግር ያተርፋል። እኔ ስለ ሞለኪውል የማወራው ለፈተና እንዲሆን ብቻ አይደለም።

ፈተናን ካነሣሁ አይቀር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሰባት ያህሉ ወደቀ። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ «የዛሬ ልጅ አያጠናም» ሲል ሰማሁ። እኔ አልተቀበልኩትም፣ ዛሬም አልቀበልም! የወደቀው ልጅ ምን ተሰጠው? በመስኮት ስንጥቅ የሚያየው ላብራቶሪ። ማይክሮስኮፕን በሥዕል። ስታርችን በቃል። በቃሉ የያዘውን ጥያቄው ትንሽ ሲዞርበት ከየት ያምጣው? በሩን የቆለፍነው እኛ ትልልቆቹ ሆነን ሳለ ልጁን ሰነፍ ማለት ግፍ ነው!

ይቅርታ፣ ወደ ጽሑፌ ልመለስ።

ሊፒድ። ቅቤውን አንሥተናል። ቅቤ በቤት ሙቀት ይረጋል፣ የኑግ ዘይት አይረጋም። ስብ የተሠራባቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ቅቤው ውስጥ አብዛኞቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ እንደ ተደረደረ እንጨት ይጠጋጋሉ። የኑጉ ግን ብዙዎቹ ጎባጣ ናቸው፣ አይጠጋጉም፣ ስለዚህ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎካሎሪ ጉልበት ይሰጣል፣ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን 4 ይሰጣሉ። ለዚህ ነው ሰውነት ለክፉ ቀን ስብ የሚያስቀምጠው። ትልቁ ሥራው ግን ሌላ ነው። እያንዳንዷን ሴል የሚከባት ስስ ሽፋን ከሊፒድ የተሠራ ነው። በአንድ ጫፉ ውሃን ይወዳል፣ በሌላው ይሸሻል። ሳሙናም ልክ እንዲሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. በየበሩ ጀሪካን ተንጠልጥሎ እጃችንን ስንታጠብ የነበረው ለዚህ ነበር። የኮሮና ቫይረስ ሽፋን ሊፒድ ነው፣ ሳሙናው ያፈርሰዋል። ይህን የተረዳ ልጅ ያለ ተቆጪ ይታጠባል።

ያው ሳሙና ወደ አራተኛው፣ ወደ ኑክሌይክ አሲድ ያደርሰናል። ከእነሱ አንዱ ዲኤንኤ ነው። ፍሪድሪሽ ሚሸር የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1869 በጀርመን ቱቢንገን ከሐኪም ቤት በተጣለ ፋሻ ላይ ከነበረው መግል አገኘው። መጣል የነበረበትን ቆሻሻ ነው የመረመረው። ቅርጹ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። የእኛ ፊደል 33 በሰባት ቤት 231 ነው። የዲኤንኤ ፊደል አራት ብቻ ነው። ሦስት ሦስት እየሆኑ አንዱን አሚኖ አሲድ ይጠራሉ፣ ፕሮቲን እንዲሠራ ያዛሉ። ከአንዲት ሴላችሁ የሚወጣው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። የወሎው ማሽላ ላይሲኑን ከእናቱ ወደ ልጁ የሚያወርሰውም በዚህ ነው። የዘር ማከማቻ ማዕከላችን አዲስ አበባ የተቋቋመው ያን እንዲጠብቅ ነው።

ዲኤንኤን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ሙዝ ጨፍልቁ። ጨውና ፈሳሽ ሳሙና በውሃ አድርጉና ቀላቅሉት። በነጠላ አጥልሉት። ከላዩ በረዶ የነካው የፋርማሲ አልኮል ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት። ነጭ ክር የመሰለ ነገር ከሥሩ ይነሣል፣ በስቴኪኒ ጠቅልላችሁ ታወጡታላችሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ይህን በክፍል ስንሠራ አንድ ልጅ ስቴኪኒውን ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። «ይኼ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ይኼ ነው» አልኩት። ሌላ ምንም አልተባባልንም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ይህን ክፍል ያደሳችሁ ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አመራሮቻችን ደግሞ ዛሬ በሰው ፊት አንድ ነገር ቃል እንድትገቡልኝ እለምናለሁ። ቁልፉ በሳይንስ መምህራን እጅ ይሁን፣ ጠዋት ይከፈት፣ ማታ ይዘጋ። ልጅ ሲማር የሰበረው ቱቦ ከማንም ደመወዝ አይቆረጥ። በየዓመቱ በጀት ስትይዙ «ለሚሰበር ዕቃ» ተብሎ ይያዝለት፣ እንደ ጠመኔ፣ እንደ ወረቀት። ቱቦ መሰበሩ የትምህርቱ ወጪ ነው። በዚህ ክፍል መደርደሪያ ላይ በዓመቱ መጨረሻ አንድም ያልተሰበረ ቱቦ ካገኘሁ፣ እመኑኝ፣ መጥቼ እጣላችኋለሁ! ሕፃናት ልብሳቸውን ሳያቆሽሹ መራመድ አይለምዱም። ለሰላሳ አንድ ዓመት የተመኘሁት ይህን ብቻ ነው፣ የተከፈተ በር።

ልጄ፣ ብርጭቆውን አሁን አንሺው። ቀዝቅዟል? ከፍ አድርጊው፣ ወደ መስኮቱ አዙሪው። ከኋላ ያላችሁ ካልታያችሁ ቅረቡ፣ ግፊያ እንዳይሆን፣ ተራ በተራ። አዮዲኑ ገና አላለቀም፣ ድንቹም እዚያው ቅርጫቱ ውስጥ ነው።